ከቤት ውጭ ሆናችሁ የቤት ኔትወርካችሁን በስልክ ለመክፈት የትኛው ቪፒኤን ይሻላችኋል?

ቤት ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ 192.168.1.20 ብላችሁ ስትጽፉ ናሱ (ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘው የፋይል ማከማቻ ሳጥን) ይከፈታል። ፎቶው፣ ሰነዱ፣ ፊልሙ ሁሉ እዚያ አለ። ከበር ወጥታችሁ ዋይፋዩ ሲለቃችሁ ግን ያው ቁጥር የትም አያደርሳችሁም። ናሱ ተበላሽቶ አይደለም። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ እንደ ቤት ስም ነው፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ውጭ ወጥታችሁ በዚያ ስም ብትጣሩ ግን ዞር የሚል የለም።

መፍትሔው ቪፒኤን ነው፣ በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ መሿለኪያ ማለት ነው። ግን በየማስታወቂያው «ማንነታችሁን ደብቁ» እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት አይደለም። ያኛው ስልካችሁን ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይወስዳል እንጂ ቤታችሁ አያስገባም። ስሙ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ከፍሎ ከገዛ በኋላ ነው ልዩነቱ የሚገባው። እኛ የምንፈልገው ሰርቨሩ ቤታችን እንዲሆን፣ ስልካችን ደግሞ የትም ቢሄድ ቤት ያለ እንዲመስለው ነው።

ምርጫው ብዙ ይመስላል፦ ዋየርጋርድ፣ ኦፕንቪፒኤን፣ ቴይልስኬል፣ ዜሮቲየር፣ ሌላም። ሰው የሚጨቃጨቀው የትኛው ይፈጥናል በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን ከፍጥነት በፊት ሁለት ጥያቄ አለኝ፦ ቤታችሁ ከውጭ የሚጠራበት የራሱ አድራሻ አለው ወይ? ሲበላሽስ የሚያስተካክለው ማን ነው?

ፖርት ከፍቶ መገላገል አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን አታድርጉት። ፖርት ቁጥር የተሰጠው የኔትወርክ በር ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ራውተሩን «በዚህ በር ከውጭ የመጣውን ሁሉ ቀጥታ ለካሜራው ስጠው» ማለት ነው። ያን ጊዜ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ በሩን ማንኳኳት ይችላል፣ የሚያንኳኩት ደግሞ ቀን ከሌት የማይደክማቸው ሮቦቶች ናቸው። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በጅምላ ሰብስቦ ለጥቃት አሰማርቷቸዋል። በ2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶችን እያሳደደ ፋይላቸውን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር። የሪሞት ዴስክቶፕን 3389 ወይም የፋይል ማጋሪያውን 445 ፖርት ከፍቶ መተኛት ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መተኛት ነው።

አንድ ነገር ግን ልመን። ከቤት የምትፈልጉት አንድ ካሜራ ብቻ ከሆነ፣ የአምራቹ አፕ በራሱ ሰርቨር በኩል የሚሠራላችሁ ከሆነና ምስሉ በእነሱ እጅ ማለፉ ካላስጨነቃችሁ፣ ቪፒኤን ውስጥ መግባት አያስፈልጋችሁም። አፑን ተጠቀሙ፣ የይለፍ ቃሉን አጠንክሩ፣ አበቃ። ቪፒኤን ዋጋ የሚኖረው ናስ፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የቤት አውቶሜሽን ሰርቨር ሲደራረብ ነው።

መጀመሪያ ይህን እዩ

የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱና «ዋን» (WAN) ወይም «ኢንተርኔት» በሚለው ክፍል ያለውን አይፒ ጻፉት። ከዚያ እዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ «የኔ አይፒ ስንት ነው» ብላችሁ ፈልጉ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ቤታችሁ ከውጭ የሚጠራበት አድራሻ አለው። ካልተመሳሰሉ፣ በተለይ የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ሲጂናት ይሉታል። እንዲህ ከሆነ ራውተራችሁ ላይ የቱንም ያህል ፖርት ብትከፍቱ ከውጭ የመጣ ጥሪ አይደርሳችሁም፤ ጥሪው የሚያርፈው አቅራቢው ጋ ነው፣ ለየትኛው ቤት እንደሆነ ደግሞ እዚያ የሚያውቅ የለም።

የራውተሩ ቁጥር በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ግን አንዳንዴ ጉዳዩ ቀላል ነው፦ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ፣ ብዙውን ጊዜ አቅራቢው የሰጣችሁ ሳጥን። እሱን ብሪጅ ማድረግ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ) ወይም እሱም ላይ ፖርቱን መክፈት ይቻላል።

ይህን ሳያዩ ሦስት ቀን ሙሉ ዋየርጋርድ ሲነካኩ የከረሙ ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነኝ። ሴቲንጉ ከመጀመሪያው ትክክል ነበር፣ መንገዱ ነው ያልነበረው።

አድራሻ ካላችሁ፦ ዋየርጋርድ

አድራሻ ካላችሁና ራውተራችሁ ዋየርጋርድ የሚባል ክፍል ካለው፣ ሌላውን ሳታዩ እሱን ያዙ። ዋየርጋርድ ከማርች 2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል 5.6 ውስጥ የገባ ነው። ኮዱ 4000 መስመር ገደማ ነው፣ ይህ ለቪፒኤን እጅግ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ኮድ ደግሞ ለመመርመር ይቀላል። ከራውተሮቹ ማይክሮቲክ ከራውተር ኦኤስ 7 ጀምሮ፣ ፍሪትዝቦክስ ከፍሪትዝ ኦኤስ 7.50 ጀምሮ አላቸው፤ ኦፕንዋርት፣ ጂኤል አይኔት እና ብዙዎቹ አዳዲስ አሱሶችም አላቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጥንድ ቁልፍ አለው፤ የሚስጥሩን ለራሱ ይዞ ይፋዊውን ለሌላው ይሰጣል። ራውተሩ ላይ አንድ የዩዲፒ (ዳታ ከሚላክባቸው መንገዶች አንዱ) ፖርት ትከፍታላችሁ፣ በተለምዶ 51820። «አሁን ፖርት አትክፈቱ አላልክም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዋየርጋርድ ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ጭራሽ መልስ አይሰጥም። በሩን የሚያንኳኳው ሮቦት ቤት ይኑር ባዶ ሜዳ መለየት አይችልም።

ስልክ ላይ የምወድለት ደግሞ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ስትሸጋገሩ አለመቋረጡ ነው። ሥራ ሲፈታ ዝም ስለሚል ባትሪም አይጨርስም። «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው ምልክት የሚልከው) የሚለው ቦታ ላይ ሁሉም 25 አስገቡ ይላችኋል፤ ከስልክ ወደ ቤት ብቻ የምትደውሉ ከሆነ ባዶ ተዉት፣ በየ25 ሰከንዱ ስልኩን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነው ትርፉ።

ችግሮቹን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አፑ ይዋሻል። ማብሪያውን ስትነኩት አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን ያ «ሞክሬያለሁ» ማለት ነው እንጂ «ተገናኝቻለሁ» ማለት አይደለም። እውነቱ ያለው ከታች «ላተስት ሃንድሼክ» የሚለው ላይ ነው። እሱ ካልታየ ወይም የተቀበለው ዳታ ዜሮ ከሆነ አልተገናኛችሁም። ሁለተኛ፣ ራውተሩ የሚያሳያችሁ ኪውአር ኮድ ውስጥ የሚስጥር ቁልፉ ራሱ አለ። ስክሪንሾት አንስታችሁ በቴሌግራም ለባለቤታችሁ አትላኩት። ሦስተኛ፣ አንዱን ፕሮፋይል (ቁልፉና ሴቲንጉ ያለበትን ፋይል) ሁለት ስልክ ላይ አትጫኑ። ሰርቨሩ በአንድ ቁልፍ የሚያስታውሰው መጨረሻ ያየውን አድራሻ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ስልኮች እየተነጣጠቁ ይውላሉ፤ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የቤታችሁ አድራሻ በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ያስፈልጋችኋል፤ እንደ ዳክ ዲኤንኤስ ያለ ነፃ አገልግሎት ቋሚ ስም ይሰጣችሁና ራውተሩ አዲሱን ቁጥር በየጊዜው ያሳውቀዋል። አድራሻው መሿለኪያው ክፍት ሳለ ከተቀየረና ግንኙነቱ ከሞተ አፑን አጥፍታችሁ አብሩት።

አድራሻ ከሌላችሁ፦ ቴይልስኬል

ሲጂናት ውስጥ ከሆናችሁ ቴይልስኬል ሕይወት ያቀላል። ከሥሩ ያለው ያው ዋየርጋርድ ነው፤ የጨመረው መሣሪያዎቹን የሚያፈላልግ አገናኝ ሰርቨር ነው። የቤቱ መሣሪያም ስልኩም ወደ ውጭ ወጥተው አገናኙን ያነጋግራሉ፣ እሱ አንዱ ያለበትን ለሌላው ይነግራል፣ ከዚያ ሁለቱ በየራውተራቸው በኩል ቀዳዳ አበጅተው ቀጥታ ይገናኛሉ። ቀጥታው እምቢ ካለ ደርፕ በሚባሉ ማስተላለፊያ ሰርቨሮች በኩል ያልፋል። እሱ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል፤ ምስጠራውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሆነ መሀል ያለው አያነበውም።

ፖርት መክፈት የለም፣ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የለም። ሁለቱም ቦታ አፑን ትጭናላችሁ፣ በአንድ አካውንት ትገባላችሁ፣ አለቀ። ለግል የሚሆን ነፃ ፕላን አለው። ፕሪንተርና ካሜራ ላይ አፕ ስለማይጫን ግን ቤት ካሉት መሣሪያዎች አንዱን «ሰብኔት ራውተር» ማድረግ አለባችሁ፤ ያ መሣሪያ ለሌሎቹ በር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ እርምጃ አለ፦ መሣሪያው መንገዱን ካሳወቀ በኋላ እናንተ ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ማጽደቅ አለባችሁ። ካላጸደቃችሁ አፑ የተጫነበት ናስ ራሱ ይከፈታል፣ ፕሪንተሩ ግን ዝም ይላል። ቤት ያለው መሣሪያ ላይ ደግሞ የቁልፍ ማብቂያውን አጥፉት። ካልነካችሁት በ180 ቀን ያበቃና እንደገና ግቡ ይላል፣ ይህን የሚለው ደግሞ እናንተ ሩቅ ሳላችሁ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እሱን አልመክርም? የቤታችሁ በር ቁልፍ የኢሜይል አካውንታችሁ ስለሚሆን ነው። እንደ ጉግል ወይም ማይክሮሶፍት ባለ አካውንት ነው የምትገቡት፤ አካውንቱን የሰረቀ ቤታችሁን አገኘ ማለት ነው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሳታበሩ እንዳትጀምሩት። የሚስጥር ቁልፎቹ ከመሣሪያዎቻችሁ አይወጡም፣ ግን የትኛው መሣሪያ መቼ እንደተገናኘ አገናኙ ያውቃል። ይህ የማይዋጥላችሁ ከሆነ ሄድስኬል የሚባል ራሳችሁ የምታስተዳድሩት ክፍት አገናኝ አለ፤ እሱ ግን ከውጭ የሚደረስ ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሰርቨር ካላችሁ ደግሞ ያለ እሱም መንገድ አለ።

መንገዱ ይህ ነው፦ ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ዋየርጋርድ ትጭኑበታላችሁ፣ ቤቱም ስልኩም ወደ እሱ ይደውላሉ፣ እሱ መሀል ሆኖ ያገናኛል። ቀደም ብዬ ተዉት ያልኩት ኪፕአላይቭ 25 እዚህ ያስፈልጋል፣ ግን ስልኩ ላይ ሳይሆን ቤት ባለው ወገን፤ ቀዳዳው እንዳይዘጋ። ይህን መንገድ የምመክረው ሊኑክስ ሰርቨር ማዘመንና መጠበቅ ለማይከብደው ብቻ ነው።

የቀሩት

ኦፕንቪፒኤን ከ2001 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። በተለመደው 1194 ፖርት ላይ ከዋየርጋርድ ይዘገያል፣ ደካማ ራውተር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ ሰርተፊኬቶቹም ጊዜያቸው ያልፍና ያስቸግራሉ። ግን አንድ ነገር ያሸንፋል። ዋየርጋርድ በዩዲፒ ብቻ ነው የሚሄደው፤ አንዳንድ የሆቴልና የቢሮ ዋይፋይ ዩዲፒን ይዘጋል። ኦፕንቪፒኤንን በቲሲፒ (ሌላው የዳታ መላኪያ መንገድ) 443 ላይ ካደረጋችሁት ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ድረ ገጽ ያልፋል፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም። እኔ ዋናውን በዋየርጋርድ፣ መጠባበቂያውን በኦፕንቪፒኤን አድርጌ ነው የምንቀሳቀሰው። ራውተራችሁ አሮጌ ሆኖ እሱ ብቻ ካለው ደግሞ አታፍሩበት።

ዜሮቲየር ኔትወርኩን ከአንድ ስዊች (የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ ሳጥን) ጋር እንደተሰካ አድርጎ ነው የሚያገናኘው፤ እርስ በርስ መፈላለግ ለሚወዱ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር፣ ጥሩ ነው። ለስልክ ግን ከቴይልስኬል የሚያስመርጥ ነገር አላየሁበትም።

አይኬኢቪ2 የሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ስልኩ ውስጥ ስላለ አፕ አይፈልግም፣ ሰርቨሩን ማዘጋጀቱ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ራውተራችሁ ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ የቪፒኤን ዓይነት ብቻ ካለው ተዉት፤ ምስጠራው ከተሰበረ ቆይቷል። አይፎን ከአይኦኤስ 10 ጀምሮ አስወግዶታል፣ አንድሮይድ 12 ላይም አዲስ የፒፒቲፒም ሆነ የሌላው አሮጌ ዓይነት የኤልቱቲፒ ፕሮፋይል መፍጠር አይቻልም።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚገጥማችሁ

አንዴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሰነድ ላሳያቸው ብዬ ቪፒኤኑን አበራሁና የናሴን አድራሻ ጻፍኩ። የወጣልኝ የእነሱ ራውተር መግቢያ ገጽ ነው። እነሱም እኔም ቤታችን 192.168.1 ነበር፣ ስልኬ ደግሞ ቅርቡን መረጠ። ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በብዛት 192.168.0 ወይም 192.168.1 ስለሆኑ ይህ መግጠሙ አይቀርም። የቤታችሁን ወደ 192.168.73 ወይም ወደ 10.47.12 ዓይነት ማንም የማያስበው ቁጥር ቀይሩት፣ ቪፒኤኑን ከመትከላችሁ በፊት። በኋላ ከሆነ ሁሉንም እንደገና ነው።

ሌላው፣ መሣሪያዎችን በስም መፈለግ። ቤት ሳላችሁ ስልኩ ፕሪንተሩንና ቴሌቪዥኑን ራሱ የሚያገኛቸው ኤምዲኤንኤስ በሚባል ጥሪ ነው፣ ይህ ጥሪ በዋየርጋርድም በቴይልስኬልም አያልፍም። ስለዚህ በቁጥር ጥሯቸው፣ ቁጥራቸው እንዳይቀያየርም ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ያዙላቸው። የተኛ ኮምፒውተር መቀስቀሻው ዌክ ኦን ላንም እንዲሁ ነው፤ ትዕዛዙ ቤት ውስጥ ካለ ነገር፣ ለምሳሌ ከራውተሩ ገጽ፣ መነሳት አለበት።

ፕሮፋይሉ ውስጥ «አላውድ አይፒስ» የሚል መስመር አለ። 192.168.73.0/24 ካላችሁት ወደ ቤት የሚሄደው ብቻ በመሿለኪያው ያልፋል፣ ሌላው በራሱ መንገድ ይሄዳል። 0.0.0.0/0 ካላችሁት ሁሉም በቤት በኩል ይዞራል፤ በማታምኑት ዋይፋይ ላይ ጥሩ ነው፣ ለዘወትር ግን ዩቲዩብ ሳይቀር ቤታችሁ ደርሶ ይመለሳል። ሁለት ፕሮፋይል ሥሩና እንደ ሁኔታው ቀያይሩ።

ፍጥነት ላይ የሚወስነው የቤታችሁ ዳውንሎድ አይደለም፣ አፕሎድ ነው። ስልካችሁ የሚያወርደው ቤታችሁ የሚልከውን ነው። አፕሎዳችሁ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ አንድ ጊጋባይት ፋይል 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የትኛውንም ቪፒኤን ብትቀያይሩ አይለወጥም። ትንሽ ገጽ እየተከፈተ ትልቁ ከቆመ ግን ኤምቲዩውን (አንድ የዳታ ጥቅል የሚይዘውን ትልቁን መጠን) እዩ፤ በዋየርጋርድ የተለመደው 1420 ነው፣ በዳታ ላይ 1280 አድርጋችሁ ሞክሩ።

አንድሮይድም አይፎንም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ አንድ ቪፒኤን ብቻ ነው የሚያበሩት። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ካለባችሁ ሁለቱ አብረው ላይኖሩ ይችላሉ። አይፎን ላይ የዋየርጋርድ አፑ «ኦን ዲማንድ» የሚል ነገር አለው፤ የቤታችሁን ዋይፋይ ስም ከሰጣችሁት ቤት ስትገቡ ራሱ ይጠፋል፣ ስትወጡ ይበራል። ምቹ ነው።

ስልክ ሲጠፋም አስቡ። በዋየርጋርድ የዚያን ስልክ ፒር (ራውተሩ ላይ የተመዘገበበትን ቦታ) ከራውተሩ ላይ ማጥፋት ይበቃል፣ በቴይልስኬል ከየትኛውም ብራውዘር መሣሪያውን ትሰርዛላችሁ፣ በኦፕንቪፒኤን ሰርተፊኬቱን መሻር አለባችሁ፣ እሱ ትንሽ ያስሮጣል። ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ ፕሮፋይል ስሙን ጽፋችሁ ካልሠራችሁ የቱን እንደምታጠፉ ግራ ይገባችኋል።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ? ራውተሩ ላይ፣ ከተቻለ፤ ሁልጊዜ የበራ እሱ ነውና። ካልሆነ ራስፕቤሪ ፓይ ወይም ናሱ። ላፕቶፕ ላይ አታድርጉት፣ ክዳኑን የዘጋ ሰው ቤቱን ዘጋባችሁ ማለት ነው። እናንተ ሳትኖሩ የሚነካካ ሰው ቤት ከሌለ ደግሞ፣ አድራሻ እያላችሁም ቢሆን ከዋየርጋርዱ ጎን ቴይልስኬልን በሌላ መሣሪያ ላይ ጫኑ፤ አንዱ ሲወድቅ በሌላው ገብታችሁ ታነሱታላችሁ።

ሁሉም ሲያልቅ የስልኩን ዋይፋይ አጥፉና በዳታ ሞክሩት፤ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ «ሠራ» ብትሉ ምንም አልሞከራችሁም። ከዚያ ራውተሩን ከሶኬቱ ነቅላችሁ መልሱትና እንደገና ሞክሩ። ተነስቶ ራሱ ካልተገናኘ፣ ያን ለማወቅ የሚሻለው ጊዜ ገና ሳትወጡ፣ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ሳላችሁ ነው።